ለ4090 ስንት ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል?

ወንድሜ፣ ለአርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ እና ለኮር አይ9-14900ኬ ፕሮሰሰር 1200 ዋት ፓወር ሰፕላይ የግድ ነው ወይ ብለህ ነበር። የግድ አይደለም። ካርዱ 450 ዋት ይበላል፣ ፕሮሰሰሩ ጉልበቱን ሁሉ ሲያወጣ 253፣ ማዘርቦርዱን፣ ፋኑንና ዲስኩን ስትጨምርበት 800 ገደማ ቢሆን ነው። የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያ ራሱ ካርዱ ላለበት ኮምፒውተር 850 ነው የሚለው፤ ግን ካርዱ ለቅጽበት ከተባለው በላይ ስለሚስብ እኔ ብሆን 1000 እገዛለሁ። ከዚያ በላይ ብር መበተን ነው።

ደግሞ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ዝም ብለህ አትመን። ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ እይ፣ ካርዱና ፕሮሰሰሩ በሚስቡበት በ12 ቮልት መስመር ብቻ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ይነግርሃል። 1000 ተብሎ እዚያ ጋ 700 ምናምን ካየህ ጥለኸው ውጣ። "ጎልድ" የሚለው ማህተም ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባው እንጂ ስለ ዕድሜው አያወራም፣ ሻጮቹ ግን እንደዚያ አድርገው ነው የሚያወሩት።

ኤቲኤክስ 3.1 የሚባለውን የፓወር ሰፕላይ ደረጃ የሚያሟላውን ፈልግ። ባለ16 ፒኑን ገመድ ካርዱ ላይ ስትሰካ ክፍተት እስኪጠፋ ግፋው፣ በደንብ ካልገባ ሊቀልጥ ይችላል። የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ገመድ ደግሞ አዲሱ ላይ እንዳትሰካ፤ ጫፉ ቢመሳሰልም የሽቦው አቀማመጥ ይለያያል።