የጉጉት ሐብል ማድረግ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አቴንስ የምትሠራው እኅቴ የጉጉት ቅርጽ ያለው የብር ሐብል ላከችልኝ። አብሮት የመጣው ወረቀት «ጥበብና ዕድል ያመጣል» ይላል። እናቴ ግን «ጉጉት ሞት ጠሪ ናት፤ ከቤቴ አውጪልኝ» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ከማዕተቤ ጋር ባደርገው ችግር አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ የማዕተብን ክብር ታውቂዋለሽና እሱን አልደግመውም። እኔን ያሳሰበኝ ወረቀቱና የእናትሽ ፍርሃት ነው። ሁለቱም ዕድሜያችንን ለወፍ ያስረክባሉ።

በጥንት ግሪክ ጉጉት አቴና የምትባለው ጣዖት ምልክት ነበረች። የአቴንስ ሰዎች በብር ገንዘባቸው ላይ ቀርጸዋታል፤ ዛሬም የግሪክ 1 ዩሮ ሳንቲም ላይ አለች። ሂንዱዎች የሀብት አምላክ ከሚሏት ከላክሽሚ ጋር ይስሏታል። የጥንት ሮማውያን ግን ልክ እንደኛ ድምፅዋን ለሞት ይሰጡት ነበር። አንዷን ወፍ አንዱ ገደኛ፣ ሌላው ገደ ቢስ ይላታል። እሷ እዚያም እዚህም አይጥ አድና ታድራለች። ለመንዝ ገብስ ባለውለታ ናት።

«ዘሌዋውያን 11 ላይ ርኩስ ተብላለች» የሚሉኝ አሉ። ያ ስለ መብል ነው። ዘፍጥረት 1፥31 እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ እጅግ መልካም እንደ ነበረ ይናገራል።

ደጋግሞ ያጋጠመኝና የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ታሞ ተኝቷል። ሌሊት ጉጉት ከጓሮ ዛፍ ላይ ትጮኻለች። በማግስቱ ቤተሰቡ «በቃ፣ አለቀለት» ይላል። ሐኪም ቤትም ጠበልም መውሰዱ ይቀራል። እስቲ አስቢው፤ በሽተኛ ባለበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሰው ነቅቶ ያድራል፤ ስለዚህ ይሰማታል። በደህናው ጊዜም ትጮኽ ነበር፤ ያኔ ግን ሁሉም ተኝቷል። ነፍስ ያለው ሰው በወፍ ድምፅ ተስፋ ሲቆረጥበት ዝም አልልም። ዘዳግም 18፥10 ሟርተኛን የሚከለክለው ለዚህ ነው።

ወረቀቱን ዛሬውኑ ቅደጂው። ሐብሉ ጌጥ ነው፤ ለጌጥነቱ ብታደርጊው ኃጢአት የለበትም። «ዕድል ይሰጠኛል» ብለሽ ከሆነ ግን አንገትሽ ላይ አይዋል። ከማዕተብሽ ጋርም አንድ ክር ላይ አታንጠልጥይው።

እናትሽን አትከራከሪያቸው። ልባቸው እስኪያርፍ አስቀምጪው፤ ጳውሎስ ስለ ደካማ ሕሊና ሲል ሥጋ እንኳ እተዋለሁ ብሏል (1 ቆሮ. 8፥13)። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሻቸው ነይ፤ እኔው አነጋግራቸዋለሁ።