ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልጄን ወደ ሐይቁ ብወረውረውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬ 29 ነው፤ የስምንት ወር ልጅ አለኝ። ድሮም ነገር መፈተሽ አበዛ ነበር፤ ከወለድኩ ወዲህ ግን ባሰብኝ። ሲሊንደሩን ዘግቼ ወጥቼ እመለሳለሁ፤ ከባጃጅ ወርጄ የተመለስኩበትም ቀን አለ። እጄን በበረኪና ስለምታጠብ ተሰነጣጥቋል። ባለቤቴ «ንጽሕና በሽታ ሆነ እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ጓደኛዬ ደግሞ ኦሲዲ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው አለችኝ። ሌላም አለ። ጣና ዳር ልጄን አቅፌ ስሄድ «ወደ ውሃው ብወረውረውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ወደዚያ መሄድ ካቆምኩ ወራት አለፉ። ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ማታ ጎረቤቴ የሰጠችኝን ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ ኪኒን እወስዳለሁ። እጅ መታጠብ ማብዛት እውነት በሽታ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እጅ መታጠብ ማብዛት ብቻውን በሽታ አይደለም። ግን ይህን የጻፉልኝ ስለ እጅዎ አይመስለኝም። «ሌላም አለ» ብለው መሃል ላይ ሸጎጥ ያደረጉት ነው እንቅልፍ የነሳዎት። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

እያበዱ አይደለም። ክፉ እናትም አይደሉም። ይህን ሐሳብ አልፈለጉትም፤ አስደንግጦዎታል፤ ልጁን ለመጠበቅ ብለው ሐይቁን እስከ መተው ደርሰዋል። ልጁን ሊጎዳ ያሰበ ሰው እንዲህ አያደርግም። በዚህ ዓይነት ሐሳብ የምትሰቃይ እናት ሐሳቡን ትፈጽመዋለች ብለን አንሰጋም። ጓደኛዎ ያለችው ኦሲዲ እንዲህ ያለ ሐሳብም ያመጣል፤ ሐሳቡ የሚያርፈው ሰው በጣም በሚሳሳለት ነገር ላይ ነው። ለእናት በልጇ ይመጣባታል። ለአማኝ ቅዳሴ ላይ ቆሞ እያለ ስድብ ሆኖ ይመጣበታል። አዲስ ከወለዱ እናቶች መካከል ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ብልጭ ብሎባቸው ያውቃል። አይናገሩትም እንጂ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰውን ከሕመሙ በላይ የሚያሰቃየው «ያሰበ አደረገ» የሚለው እምነት ነውና። «በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር» እየተባለ ሲጸለይ ሰምተን ነው ያደግነው። ጸሎቱ ጥፋት የለበትም። የታመመ ሰው ግን ሐልዮ፣ ማለትም ሐሳብ፣ የምትለዋን ብቻ ይዞ ይቀራል። አንዱን ሐሳብ ደጋግሞ ይናዘዛል፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በር ሳይደርስ «በደንብ አልነገርኩም» ብሎ ይመለሳል። ስግደቱን ሲቆጥር ተሳሳትኩ ብሎ ከአንድ ይጀምራል። ሙስሊሙም ውዱኡን አድርጎ «አልሞላም» እያለ ሶላቱ ያልፈዋል። እኔ ካህን አይደለሁም። ነገር ግን ሳይጠሩት የመጣ ሐሳብና ወደውና ፈቅደው ያቀዱት ሐሳብ አንድ እንዳልሆኑ የበሰለ የንስሐ አባትም ይነግርዎታል።

እስቲ ይሞክሩት። ለአምስት ደቂቃ ስለ ጣና ጉማሬ ፈጽሞ አያስቡ። ምን መጣብዎት? አእምሮ ሲከለክሉት እንዲህ ነው የሚሠራው። እርስዎም «ይህ ሐሳብ እንዳይመጣብኝ» ብለው ሐይቁን ሲሸሹ ሐሳቡን ትልቅ አደረጉት። ለሐሳቡ ያለዎት ፍርሃት አደገ እንጂ ሐሳቡ አልጠፋም።

አጋንንት ነው የሚልዎትም አይጠፋም። ጠበሉን አልከለክልም፤ ይሂዱ። «መድኃኒትና ሐኪም ይቅርብሽ» ከተባሉ ግን እዚያ ላይ አልስማማም።

ሐሳቡ የሚያስፈራኝ መቼ ነው? እናትየዋ ሐሳቡ ትክክል መስሎ ከታያት፤ «ወርውሪው» የሚል ድምፅ ከሰማች፤ ልጁ የእኔ አይደለም ወይም የተረገመ ነው ካለች፤ ቀናት ሳትተኛ ምንም ድካም ካልተሰማት። ይህ ሌላ ሕመም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ይመጣል። ያኔ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ እናትየዋን ከልጁ ጋር ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መውሰድ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣም እንደዚያው። የእርስዎ ጽሑፍ ይህን አይመስልም፤ ቢሆንም ከነዚህ አንዱ ካለ ነገ አይበሉ።

አሁን ወደ ሲሊንደሩ። ልማድ ሁሉ በሽታ አይደለም። ቡናውን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን እንጠጣለን፤ በረካው ቢቀር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚጨነቅ የለም። በር መዘጋቱን አንዴ መለስ ብሎ ማየትም ጤና ነው። ኦሲዲ ሲሆን ግን የማይፈለግ ሐሳብ ይመጣል፣ ልብ ይጨነቃል፣ ጭንቀቱን ለማብረድ አንድ ነገር ይደረጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰውየው ራሱ «ይህ ነገር በዛ» እያለ ነው የሚያደርገው። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደ፣ ወይም ሥራና ኑሮ ካወከ፣ ልማድ ነው ብለን አናልፈውም። ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት የሚሆነውን በዕድሜው የሚነካ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፤ እርግዝናና ወሊድ ሊያብሱት ይችላሉ። በአካል ሳላይዎት ኦሲዲ ነው ብዬ አልፈርምም፤ ሁኔታው ግን በጣም ይመስላል።

ሲሊንደሩን ተመልሰው ሲያዩ የሚያገኙት እፎይታ የአራጣ ብድር ነው፤ ነገ ከነወለዱ ይከፍሉታል። ባለቤትዎን «ዘግቼዋለሁ አይደል?» ብለው መጠየቅዎም ያው ነው። እሱ ደግሞ አይሳቅ፤ አስር ጊዜም አይመልስ። «ይህን ጥያቄ ጭንቀቱ ነው የሚጠይቀኝ» ብሎ በፍቅር ይተወው።

በረኪናውን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። በረኪና ለወለልና ለልብስ ነው። የተሰነጠቀ ቆዳ ለጀርም በር ይከፍታል፤ በጽዳት ስም ቁስል እየፈጠሩ ነው። ከምግብ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ልጁን ካጸዱ በኋላ በውሃና በሳሙና 20 ሰከንድ ይበቃል። ቫዝሊን ይቀቡት።

ዲያዜፓሙስ? ጎረቤትዎ ሐኪም ናት? ይህ ኪኒን ኦሲዲን አያድንም። ሱስ ያስይዛል፤ በጡት ወተት ወደ ልጁ ያልፋል፤ ልጁን ሊያፈዘው፣ ጡት እንዳይጠባ ሊያደርገው ይችላል። እጅዎን በበረኪና ያጠቡት ለልጁ ብለው አልነበር? ማታ ላይ ኪኒኑን ሲውጡ ልጁን ረሱት። ደግሞ ለወራት በየቀኑ ወስደው ከሆነ በአንዴ አይቁረጡት፤ እሱም አደጋ አለው። ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንስዎታል። ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይያዙት።

ሕክምና አለው። አንዱ በንግግርና በልምምድ የሚሰጥ ነው፤ ሲሊንደሩን አንዴ ዘግቶ መውጣትና ጭንቀቱ ራሱ እስኪበርድ መታገሥን በትንሽ በትንሹ ያለማምዳል። የእርስዎ ልምምድ አንድ ቀን ልጁን አቅፈው ሐይቁ ዳር መሄድን ይጨምራል። አሁን ብቻዎን ይጀምሩት አልልም። ሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ እንደ ሰርትራሊን ያሉ፣ ለምታጠባ እናት የሚመረጡ አሉ። እንደ ዲያዜፓም ሱስ አያስይዙም፤ ግን ቶሎም አይሠሩም። ለውጡ ለመታየት እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ጥለውት የሚጠፉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ባሕር ዳር ላይ በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ጊዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ሲገቡ ስለ ሐይቁ ያለውን ሐሳብ መጀመሪያ ይናገሩ። ብዙ ሰው የተሰነጠቀ እጁን ብቻ አሳይቶ የቆዳ ቅባት ታዞለት ይመለሳል።