የፊት ጎማው ለማረፊያ አይደለም

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ባለሦስት ጎማ ትንንሽ አውሮፕላን ላይ ስልጠና ለጀመራችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት በሴስና 172 ወይም በፓይፐር ቼሮኪ ነው። ሁለቱም ታጋሽ አውሮፕላኖች ናቸው፤ የተማሪን ስህተት ይችላሉ። ትዕግሥታቸው የሚያልቀው የፊት ጎማው ጋ ነው።

ሴስና 172 በ1956 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ማስታወቂያው መብረርን ከመኪና መንዳት ጋር ያመሳስለው ነበር። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የጅራት ጎማ ካላቸው አውሮፕላኖች ይልቅ ይህኛውን ማሳረፍ ይቀላል። የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ሁለት ጎማዎች ፊት ስለሆነ፣ ትንሽ ጠመም ብላችሁ ብታርፉም ራሱን ማቃናት ይፈልጋል። ዋናዎቹ ጎማዎች ሲነኩ ደግሞ አፍንጫው ወደ ታች ያዘነብላል፤ የክንፉ ማንሻ ኃይል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም መሬቱ ላይ ይረጋል። ይህ ሁሉ ግን ዋናዎቹ ቀድመው ሲነኩ ነው። የፊት ጎማው ከቀደመ ነገሩ ይገለበጣል። አፍንጫው ወደ ላይ ይወረወራል፣ ክንፉ እንደገና ያነሳል፣ አውሮፕላኑ ይዘላል።

የፊት ጎማው ሥራ መሬት ላይ መንከባለልና መሪ መሆን ነው። ሴስና 172 ላይ እግሩ የታሰረው ፋየርዎል ላይ ነው፤ ማለትም ሞተሩን ከእናንተ በሚለየው ግድግዳ ላይ። ግድግዳው ስስ ቆርቆሮ ነው። በአፍንጫው ያረፈ አውሮፕላን የሞተር ክዳን ተነስቶ ስታዩት ውጭው ደህና ይመስላል። ባትሪ ይዛችሁ ከታች በኩል ጠጋ በሉ። ቆርቆሮው ተጨማዷል። የላሉት ሪቬቶች (ቆርቆሮውን የሚያያይዙት ምስማሮች) ዙሪያ ጥቁር አቧራ የመሰለ ነገር አለ። ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ከሆነ ደግሞ ጫፉን ማቃናት ብቻ አይበቃም፤ ሞተሩም ተፈትቶ መመርመር አለበት። በአንድ ሰከንድ ጥድፊያ አውሮፕላኑ ለወራት ሊቆም ይችላል።

አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከመንደርደሪያው በፊት፣ ከፍጥነት ነው። የ172ኤስ (የሴስና 172 አንዱ ሞዴል) መመሪያ ፍላፕ፣ ማለትም ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል፣ ሙሉ ሲወርድ ከ60 እስከ 70 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ይላል። «ለማንኛውም» እያለ 75 ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሞልቷል። ለማንኛውም የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም። ከ65 ወደ 75 ስትወጡ የምትሸከሙት ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ያ ጉልበት የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት። አውሮፕላኑ መሬት አጠገብ ይንሳፈፋል፣ መንደርደሪያው ከሥራችሁ ይሮጣል፣ እናንተም መሪውን ገፋ አድርጋችሁ መሬት ላይ ልትጭኑት ትፈልጋላችሁ። በቃ፣ የፊት ጎማው ቀድሞ ነካ ማለት ነው።

መግፋት የለም። ዓይናችሁን ከአፍንጫው አንሱና ወደ መንደርደሪያው መጨረሻ ላኩት፤ ከፍታ የሚታወቀው ከሩቅ ነው። ፓወሩን ቀስ ብላችሁ ቀንሱ። በአንዴ ከዘጋችሁት ከፕሮፔለሩ ወደ ጅራት የሚሄደው ነፋስ ይቀርና አፍንጫው ይወድቃል። በተለይ ፊት ሁለት ሰው ተቀምጦ ኋላው ባዶ ሲሆን አፍንጫው ይከብዳል። ሞተሩ ከበድ ያለው ሴስና 182 በዚህ የታወቀ ነው። ከዚያ አውሮፕላኑ እንዳያርፍ ከልክሉት። አዎ፣ ከልክሉት። ዝቅ ሲል ትንሽ ሳቡ፤ እንደገና ዝቅ ሲል እንደገና ትንሽ ሳቡ። የስቶል ማስጠንቀቂያው (ክንፉ ማንሳት ሊያቆም ሲል የሚጮኸው) መጮህ ሲጀምር አትደንግጡ፤ ጎማዎቹ ከመሬት አንድ ጫማ ላይ ሆነው ያ ድምፅ ሲሰማ እኔ አስተማሪያችሁ ቀኝ ወንበር ላይ ደስ ይለኛል።

ዋናዎቹ ሲነኩ እጁን የሚለቅ ተማሪ አይጠፋም፤ የተረፈ መስሎት እፎይ ይላል። ገና ነው። መሪውን እንደሳባችሁ ቆዩ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ኤሌቬተሩ (አፍንጫውን የሚያነሳው የጅራት ክፍል) አቅም ያጣል፤ አፍንጫውም ራሱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከወረደም በኋላ ወደ ፊት አትግፉ። ክብደቱ ፊት ላይ ሲሄድ ዋናዎቹ ይቀላሉ፤ ፍሬን አይይዝም፤ ነፋስ ከጎን ካለ አውሮፕላኑ በፊት ጎማው ላይ ይሽከረከራል። እንደ ቼሮኪ የፊት ጎማው በቀጥታ ከፔዳሉ ጋር በተያያዘ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ሩደር (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት ክፍል) እንደረገጣችሁ የፊት ጎማው ከነካ ወደዚያው ይወስዳችኋል። ስለዚህ ከመንካቱ በፊት እግራችሁን ወደ መሃል መልሱ።

አሁን ወደ ዝላዩ። ይሄ ነው የፊት ጎማ ገዳይ። አውሮፕላኑ አንዴ ነጥሮ ተነሳ እንበል። ከቀኝ ወንበር የማየው ሁሌም ያው ነው። የተማሪው ጣቶች መሪው ላይ ይጠብቃሉ፣ አገጩ ወደ ፊት ይመጣል፣ እጁ ይገፋል። አውሮፕላኑ ግን እጅን ተከትሎ ለመምጣት ጊዜ ይወስዳል። የገፋው ሲደርስ መሬቱም ደርሷል፤ የፊት ጎማው ይመታል፣ አፍንጫው ይወረወራል። ተማሪው ይስባል፤ እሱም ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ዝላይ ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ከዚያ በኋላ ያለው የቆርቆሮ ድምፅ ነው።

በእጅ ፍጥነት ልታሸንፉት አትሞክሩ። ዝላዩ ትንሽ ከሆነ አፍንጫውን ባለበት ያዙ፣ ትንሽ ፓወር ጨምሩና እንደገና አሳርፉ። ትልቅ ከሆነ ወይም ካላወቃችሁት ሙሉ ፓወር ስጡና ሂዱ። አፍንጫው ሽቅብ መሄድ ይፈልጋል፤ ለማረፊያ ያስተካከላችሁት ትሪም (መሪውን ያለ እጅ ጫና ባለበት የሚይዘው ማስተካከያ) ስላለ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙት። ፍላፑን በአንዴ አትሰብስቡ፣ በደረጃ ነው። ጎ አራውንድ ያደረገን፣ ማለትም ማረፉን ትቶ እንደገና የተነሳን፣ ተማሪ ገምግሜ ነጥብ ቀንሼ አላውቅም። ጓደኞቻችሁ አጥር ሥር ቆመው እያዩ ቢሆንስ? ይዩ። ኩራት እራት አይሆንም።

ከበረራ በፊት ስትዞሩ የፊት እግሩን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ስትሩቱ (የማረፊያውን ምት የሚያለዝበው የእግሩ ክፍል) ወርዶ ተቀምጧል ወይስ ከፍ ብሏል? ቀይ ዘይት ፈሷል? ሽሚ ዳምፐሩ (የጎማውን መንቀጥቀጥ የሚያበርደው) ላልቷል? ባለፈው ማረፊያ የፊት ጎማው ከተንቀጠቀጠ ምክንያት አለው።

ጠንከር ያለ ማረፊያ ካደረጋችሁ ደግሞ፣ ማንም ባያይም፣ መዝገቡ ላይ ጻፉትና ለመካኒኩ ንገሩት። ክዳኑን ከፍቶ ፋየርዎሉን በባትሪ ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።