የበርሜል ውኃ፣ ወባና የፍልሰት መንገድ፦ ከድሬዳዋ ለተነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የጂኦግራፊ ሙያዬ በፍልሰት፣ በሕዝባዊ ንቅናቄና በከተማ ጤና ግንኙነት ላይ ስለሚያተኩር፣ የድሬዳዋ ነዋሪዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና የሐኪም ጉዳይ ሆኖ ሳለ ጂኦግራፊ ምን ያገባዋል?

መልስ፦ ሐኪሙ የታመመውን ሰው ይመረምራል፤ እኛ ደግሞ የት እንደታመመና እዚያ ቦታ ለመኖር ያበቃው ምን እንደሆነ እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. ያስጨነቀን ወባ በበጋ እንዴት ሊነሣ ቻለ?

መልስ፦ ወባውን ያዛመተችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ጥንተ መኖሪያዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ሲሆን፣ በአፍሪካ መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ነው። በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 አልፏል። የለመድናት የገጠር ወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውኃ ትጠብቃለች፤ ይህቺ ግን በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ ስለምትራባ በጋ አያግዳትም። ክዳን የሌለውን በርሜል ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድመው የተንሳፈፉትን እጮች ያገኛል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ውኃ የሚያጠራቅም ቤተሰብ ወዶ አይደለም፤ ስለሆነም የወባው ካርታ የውኃ አቅርቦት ካርታ ጭምር መሆኑን አጥብቄ አምናለሁ። ደንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ሌላዋ ትንኝም የምትራባው በእነዚሁ ዕቃዎች ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሽታውን የሚያመጡት ከውጭ የሚገቡ ሰዎች ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለው አነጋገር ያሳዝነኛል። ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች የመጤዎች ከተማ ናት። አዲስ መጪ አቅሙ የሚፈቅድለትን ርካሽ ቤት ስለሚከራይ፣ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ውኃ በሚቸግርበት ወይም ጎርፍ በሚያሰጋው ቦታ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ የከፋው ጉዳት የደረሰው በወንዙ ዳር በሚኖሩት ላይ ነበር። በጅቡቲ አድርገው ከኦቦክ ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶችም ቢታመሙ እንኳ እንያዛለን ብለው ወደ ጤና ጣቢያ መቅረብን ይፈራሉ፤ ሕክምና የዘገየበት የወባ ሕመምተኛ ደግሞ ለራሱም ለጎረቤቱም አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሕዝባዊ ንቅናቄ ሲባል ሰልፍ ማለት ነው?

መልስ፦ ሰልፍ አንዱ መልኩ ነው። እድር ወይም አፎሻ ለቅሶ ከመድረስ አልፎ የሰፈሩን የውኃ ፈረቃ ጉዳይ ይዞ ቀበሌ ሲቀርብ፣ ያ ለእኔ ንቅናቄ ነው።

ጥያቄ፦ እስከዚያው በየቤታችን ምን እናድርግ?

መልስ፦ በርሜሉን ትንኝ በማያስገባ ክዳን ግጠሙት፤ በየሳምንቱም ባዶ አድርጋችሁ ውስጡን ፈትጉት። የማይገለበጠውን ትልቅ ሮቶ በተመለከተ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አማክሩ። ትኩሳት የተሰማው ሰው ወቅቱ በጋ ነው ብሎ ሳይዘናጋ በዚያው ዕለት ደሙን ይመርመር።