መልስ፦ ደሴ ሆኖ ስለ አካል ጉዳት ጥናት ምንጭ ማግኘት

እህቴ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች ቅጥር የምትሠሪው መመረቂያ ጽሑፍ ደሴ ላይ ምንጭ አጣ ላልሽው፦ መጽሐፉ አንድ መደርደሪያ ላይ ስለማይሰበሰብ ነው። ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን በርእሰ ጉዳይ ቁጥር በሚደረድሩበት በዲዊ አመዳደብ ማኅበራዊ አገልግሎቱ 362.4፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርቱ 371.9፣ ማኅበረሰባዊ ጥናቱ 305.908 ላይ ነው። ሦስቱንም እዪ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍለጋው ላይ ነው። «ዓይነ ስውር» ብለሽ ያጣሽውን «አይነ ስውር» ብለሽ ታገኚዋለሽ፤ ኮምፒውተሩ ዓይኑን «ዓ» እና አልፋውን «አ» ለየብቻ ነው የሚያያቸው። በእንግሊዝኛም «ዲስኤቢሊቲ» ብቻ አትበይ፤ የቆዩ ሥራዎች «ሃንዲካፕድ» በሚል፣ ዛሬ በሚያስቀይም ቃል ተመዝግበዋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ በኢንተርኔት ፈትሺ፤ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምሽ የጽሑፎቹ ዋቢ ዝርዝር ነው። የቅጥር አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ግን ከሰው ጥናት ሳይሆን ከነጋሪት ጋዜጣው አንብቢ። ለሚከፈልባቸው መጽሔቶች ቤተ መጻሕፍቱ የሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ አገር ተቋማት መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚያቀርብ ፕሮግራም) መግቢያ እንዳለው ጠይቂ።

ስክሪን ሪደር (የኮምፒውተር ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የምትጠቀሚ ከሆነ፣ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ምስል ስለሆነ እንደ ኤንቪዲኤ ያለው ስክሪን ሪደር ዝም ይላል። ገጹን በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ስካን አስደርጊውና በቴሰራክት፣ ማለትም የምስል ፊደልን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም፣ አማርኛን መርጠሽ ወደ ጽሑፍ ቀይሪው፤ የተጣመመ ገጽ ፊደል ያምታታል።