መልስ፦ በመኪና የሚጫነውና በእጅ የሚያዘው የስልክ መከታተያ

ወንድሜ፣ «ስቲንግሬይና ኪንግፊሽ ልዩነታቸው ምንድነው? የቱ ይብሳል?» ላልከው።

ሁለቱም መርማሪዎች ስልክ የሚከታተሉባቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ የሠራቸውም የአሜሪካው ሃሪስ ኩባንያ ነው። ዘዴያቸው አንድ ነው፤ የኔትወርክ ታወር መስለው ይቀርባሉ፣ በአካባቢው ያለ ስልክ ሁሉ ባለቤቱ ሳያውቅ መለያ ቁጥሩን ይሰጣቸዋል። ስቲንግሬይ ብዙውን ጊዜ መኪና ላይ ይጫናል። ጠንከር ያለ ሲግናል ይለቃል፣ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ይፈልጋል። ግን መኪና ፎቅ አይወጣም! ኪንግፊሽ በእጅ ስለሚያዝ ኮሪደር ውስጥ ይገባል። ሲግናሉ የሚደርስበት ርቀት አጭር ቢሆንም ስልኩ የትኛው በር ጋ እንደሆነ ለመለየት እሱ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳንኤል ሪግሜይደን የተባለ ተጠርጣሪ የተያዘው መርማሪዎች ኮምፒውተሩን በሞባይል ኔትወርክ ከኢንተርኔት የሚያገናኝበትን ካርድ አፓርታማው ድረስ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ተከታትለው ነው። የሚገርመው፣ በዚህ መሣሪያ መያዙን ቆፍሮ ያወጣው ራሱ ሰውዬው ነው፤ ያውም እስር ቤት ሆኖ።

የቱ ይብሳል? እኔ የመኪናውን እላለሁ። አንድ ሰው ሲፈለግ የስንቱ ስልክ አብሮ ይታፈሳል! የአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 መርማሪዎቹ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር የፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲይዙ ያዘዘው ያለ ነገር አይደለም።

ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ቱጂን (2G፣ የድሮውን የሞባይል ኔትወርክ) ማጥፊያ ካለው አጥፋው። ሁሉንም ባይከላከልም የድሮውን ደካማ መስመር ይዘጋል።