የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአያቴን «ሃይማኖተ አበው» ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አያቴ በሕይወት ሳሉ ሌሊት ሌሊት በጧፍ ብርሃን ያነቡት የነበረ «ሃይማኖተ አበው» (የጥንት አባቶች የእምነት ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ) በውርስ ደርሶኛል፤ የጧፉ ጠብታ እስካሁን በየገጹ ጠርዝ ላይ ደርቆ ይታያል። እኔ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማርቲን ሉተርን የተሐድሶ ትምህርት የምትከተለው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነኝ። በጥናት ቡድናችን አንድ ወንድም «ቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ ካልን የአባቶች መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። አጎቴ ደግሞ «ሉተር አባቶችን የጣለ ሰው ነው፤ መጽሐፉን ለእኔ ስጠኝ» ይሉኛል። ሐዋርያው በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥15 «የተማራችሁትን ወግ ያዙ» ማለቱንስ እንዴት ልረዳው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጽሐፉን ለመስጠት አይቸኩሉ፤ ቢሰጡም እንኳ «አይጠቅመኝም» ብለው አይሁን። የጥናት ወንድምዎም አጎትዎም የተናገሩት በሰፊው የሚወራውን ነው፤ ሁለቱም ግን የሉተራውያንን የእምነት ሰነዶች ገልጠው ያዩ አይመስለንም።

ሉተራውያን በ1530 በጀርመን በአውግስቡርግ ከተማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለቻርልስ አምስተኛ ያቀረቡት የእምነት መግለጫ (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያ አንቀጹን የሚጀምረው የኒቅያ ጉባኤ ስለ ሥላሴ የወሰነው ውሳኔ እውነት መሆኑን በመመስከር ነው። በ1580 ሰነዶቻቸው በአንድ ተጠርዘው ሲታተሙ ከሁሉ በፊት የተቀመጡት ሦስቱ ጥንታዊ የሃይማኖት መግለጫዎች ሲሆኑ፣ ስለ ክርስቶስ አካል የሚናገረውን ትምህርት ለማጽናት በመጨረሻ ከተጨመሩት የአባቶች ምስክርነቶች መካከልም የእስክንድርያዎቹ አትናቴዎስና ቄርሎስ ይገኙበታል። እነዚህ አያትዎ በጧፍ ሲያነቧቸው የነበሩት አትናቴዎስና ቄርሎስ ናቸው።

ታዲያ «ቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ» ማለት ምን ማለት ነው? ሉተር በ1537 በጻፈው አንቀጽ የእምነትን ትምህርት የሚያቆም የእግዚአብሔር ቃል ብቻ እንደ ሆነ፣ ሌላ ማንም፣ መልአክም ቢሆን፣ ይህን ሊያደርግ እንደማይችል ተናግሯል። በችሎት ቋንቋ ብንገልጸው፣ አባቶች የተከበሩ ምስክሮች ናቸው፤ ፍርዱ ግን የቃሉ ነው። ይህን ሥርዓት ሉተር አልፈጠረውም። በአራተኛው መቶ ዓመት የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ለጥምቀት የሚዘጋጁትን ሲያስተምር፣ የሚነግራቸውን ነገር ከቅዱሳት መጻሕፍት ማስረጃ ካላገኙለት እርሱ ስለ ተናገረው ብቻ እንዳያምኑት አስጠንቅቋቸዋል። አባቶችን የሚያከብር ሰው ይህንንም ቃላቸውን ሊያከብር ይገባዋል እንላለን።

ለጎንደር ሰው ነገሩ እንግዳ መሆን የለበትም። በከተማችን የትርጓሜ ጉባኤ ቤቶች መምህሩ አስቀድሞ የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ ከዚያ በኋላ «አንድም፣ አንድም» እያለ ከሊቃውንት የወረሰውን ፍቺ ይዘረዝራል። የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች፣ የላይ ቤትና የታች ቤት፣ መምህራን በፍቺው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ንባቡ ግን ባለበት ይኖራል። እርግጥ ነው፣ ጉባኤ ቤቱ ለወረሰው ትርጓሜ የሚሰጠው ሥልጣን ሉተራውያን ከሚሰጡት ይበልጣል፤ ምሳሌያችንም እስከዚህ ድረስ ብቻ ይሄዳል።

ወደ ጠቀሱት ጥቅስ እንምጣ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ወግ» የሚለው ቃል ጳውሎስ ያዙት ባለው ላይም፣ ጌታ በማርቆስ 7፥8 በነቀፈው «የሰው ወግ» ላይም ይገኛል። የግሪኩም ቃል በሁለቱ ስፍራ አንድ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ወግ ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም፤ ወጉ ከማን መጣ፣ ከምንስ ጋር ይስማማል የሚለው ነው። (በዕለት ንግግራችን «ወግ» ቡና ላይ የሚጠረቅ ጨዋታም መሆኑ ይህን ጥቅስ ለወጣቶች ማስረዳቱን አላቀለለልንም።) የሉተራውያኑ ሊቅ ማርቲን ኬምኒትስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የትሬንት ጉባኤ ሲመረምር ወግ የሚባሉትን በስምንት ዓይነት ለይቶ ሰባቱን ተቀብሏል፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን እጅ በእጅ ማስተላለፏ ከሰባቱ አንዱ ነው። ያልተቀበለው ስምንተኛውን፣ ማለትም ከመጽሐፍ ምስክር ሳይኖረው ከመጽሐፍ እኩል ይከበር የሚባለውን ነው።

አንድ ነገር በቅርብ እናሳይዎ። አንጥረኛ ቤት ገብተው ወናፉ ሲነፋ ማረሻውን ይመልከቱ። ብረቱ ይቀላል፣ ያበራል፣ ያቃጥላል፤ እሳቱ ዘልቆታልና ይህ ብረት ነው፣ ያ እሳት ነው ብለው ከፍለው ሊያሳዩ አይችሉም፤ ቢሆንም ብረቱ ብረትነቱን አልተወም። አባቶች የቃልን ሥጋ መሆን በዚህ ምሳሌ አስረዱ፤ ሉተራውያንም በ1577 ስለ ክርስቶስ አካል ሲጽፉ የጋለውን ብረት ከጥንት መምህራን ተቀብለው ጠቀሱ። በዚያው አንቀጽ ድንግል ማርያምን የአምላክ እናት ብለው መስክረዋል። አጎትዎ ይህን ሲሰሙ ሳይገርማቸው አይቀርም። ሉተራውያን ክርስቶስን በሁለት ባሕርይ የገለጸውን የኬልቄዶንን ጉባኤ መቀበላቸው፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አለመቀበሏ እውነተኛ ልዩነት ስለ ሆነ ልንሸፍነው አንወድም።

ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስዎን አጠገብዎ አድርገው «ሃይማኖተ አበው»ን ያንብቡ፤ አባቶች ጥቅስ በጠሩ ቁጥር ጥቅሱን ከነዙሪያው ያውጡት። ከተቻለም ከአጎትዎ ጋር ያንብቡት፤ ግዕዙን ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ሳያውቁት አይቀሩም።

ጥያቄ፦ በዐፄ ፋሲል ዘመን አንድ ሉተራዊ በአገራችን ነበረ የሚባለው እውነት ነው? (ከፒያሳ አካባቢ)

መልስ፦ እውነት ነው። የጀርመኗ የሉቤክ ከተማ ተወላጅ የሆነው ጴጥሮስ ሃይሊንግ በ1630ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በዐፄ ፋሲል ዘመን ኖሯል። የዮሐንስን ወንጌል ወደ አማርኛ እንደ መለሰም ይነገራል። ግንኙነቱ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ አባ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በ1534 ጀርመን አገር ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል፤ ሉተርም በእምነት መስማማታቸውን የሚመሰክር ደብዳቤ ጽፎ ሸኝቶታል።